ማስታወቂያ ያስወደደው ሰውዬ

ዩቲዩብ ላይ ማስታወቂያ ሲመጣ ለመዝለል ጣታችን ይቸኩላል አይደል? ሜልቦርን ውስጥ ግን ሰው ማስታወቂያውን ሊያይ ቁጭ የሚልበት ጊዜ ነበር፤ በግራሃም ኬኔዲ ዘመን።

ኬኔዲ በ1934 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ተወለደ። ቴሌቪዥን አውስትራሊያ የገባው በ1956 ነው፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችበት የሜልቦርን ኦሎምፒክ በተካሄደበት ዓመት። እሱ ያኔ የሬዲዮ ልጅ ነበር። በ1957፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ «ኢን ሜልቦርን ቱናይት» የተባለውን የምሽት ትርዒት ይዞ ቻናል 9 ላይ ብቅ አለ።

ሥርጭቱ ቀጥታ ነው፤ ማስታወቂያውም ጭምር። ኬኔዲ ታዲያ የተሰጠውን ጽሑፍ አንብቦ አያልፍም። ዕቃው ላይ ይቀልዳል፣ ያላግጣል፣ አጭሯን ማስታወቂያ ደቂቃዎች ያስቆጥራታል። ስፖንሰሮቹ ጥለውት የሄዱ ይመስላችኋል? ኧረ በጭራሽ! ነገሩ ቀላል ነው፤ የሚገዙት የአየር ሰዓት ሳይሆን የተመልካችን ትኩረት ነው፣ ያ ደግሞ እሱ ጋ ነበር። የዛሬ ኢንፍሉዌንሰሮች የሚሠሩትን ያኔ ሠርቶታል።

ሕዝቡ «ንጉሡ» አለው። «ሎጊ» የሚባለውን የአገሪቱን የቴሌቪዥን ሽልማት ስም ያወጣውም እሱ ነው፤ ከፈልሳፊው ጆን ሎጊ ቤርድ ስም ወስዶ።

በ1975 ግን የቁራ ጩኸት አስመስሎ ስድብ የሚመስል ድምፅ በማሰማቱ ከቀጥታ ሥርጭት ታገደ። ያስወደደው ድፍረቱ ነበር፤ ያስቀጣውም እሱው።

ከካሜራ ውጪ ዓይን አፋር ነበር። ትዳር አልያዘም። በስተመጨረሻ ከከተማ ርቆ፣ ከሰው ተገልሎ ኖረ፤ በ2005 በ71 ዓመቱ አረፈ። አገር ሙሉ ያየው ሰው ብቻውን ይኖር ነበር። ላይክ ስንቆጥር ይህንንም ብናስብ አይከፋም።