የጌኦርግ ኦም ሕይወትና የእኛ ቤት መብራት

በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የኦምን ስም የማያነሣ ተማሪ የለም። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ኦም የሚለው ቃል የመለኪያ ስም ከመሆኑ በፊት የአንድ አስተማሪ ስም እንደ ነበረ አናስብም። እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ እንደዚሁ ነበርሁ። ይህን ሰው የወደድሁት ስለ ታላቅነቱ ብቻ አይደለም፤ እኔ የሠራሁትን የሚመስል ስሕተት እርሱም ስለ ሠራ ነው።

የእኔ ነገር አጭር ነው። ወላጆቼ በሚኖሩበት ገጠር የመብራት መስመር አልገባም። አባቴ ታናሽ እኅቴ ማታ የምታጠናበት መብራት እንድታገኝ አስቦ አንድ በግ ሸጠ፤ ትንሽ ሶላር ከነባትሪው ሊገዛም እኔን አስከትሎ ገበያ ወረደ። ዕለቱ ደመና ነበር። የያዝሁትን ሜትር በሶላሩ ሁለት ሽቦዎች ላይ ባሳርፈው 20 ቮልት አሳየኝ። አምፑላችን የሚፈልገው 12 ቮልት ነውና ከበቂ በላይ ነው ብዬ መሰከርሁ። አባቴም ቃሌን አምኖ ገዛ። በዚያው ሳምንት ግን መብራቱ ግማሽ ሰዓት ያህል እየበራ ይጠፋ ጀመር፤ እኅቴም ወደ ኩራዟ ተመለሰች። አባቴ አንድም ቃል አልተናገረኝም፤ ዝምታው ግን ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

ትምህርት ቤት ሲከፈት በዚህ ኀፍረት እንዳለሁ የኦምን ታሪክ አገኘሁና አነበብሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጌኦርግ ሲሞን ኦም በ1789 በጀርመን አገር በኤርላንገን ከተማ ተወለደ። አባቱ ቁልፍ ሠሪ ነበር። ከሰባት ልጆች በሕይወት የቀሩት ሦስት ብቻ ሲሆኑ፣ እናቱም ገና ዐሥር ዓመት ሲሆነው ሞተችበት። አባቱ ግን በራሱ ጥረት የተማረ ብርቱ ሰው ስለ ነበረ ለልጆቹ ሒሳብን ራሱ አስተማራቸው። ልጁ በ1805 ዩኒቨርሲቲ በገባ ጊዜ ጊዜውን በጭፈራ፣ በቢሊያርድና በበረዶ ላይ ሸርተቴ ስላሳለፈው አባቱ ተቈጥቶ ትምህርቱን አቋረጠበት። ወጣቱም ወደ ስዊስ አገር ሄዶ ሒሳብ እያስተማረ መኖር ጀመረ። እየሠራ ለብቻው ሲያጠና ቈይቶ በ1811 ወደ ኤርላንገን ተመልሶ የዶክትርና ማዕርግ ተቀበለ። ከዚያም በ1817 በኮሎኝ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብና የፊዚክስ አስተማሪ ሆነ።

ኦም ለምርምሩ የሚያስፈልጉትን መሣሪያዎች፣ በአባቱ ቤት በለመደው የእጅ ሥራ ራሱ ይሠራቸው ነበር። ሊያውቅ የፈለገውም ሽቦ ሲረዝም የኤሌክትሪኩ ፍሰት በምን ያህል እንደሚቀንስ ነው። በ1825 አንድ ሕግ አግኝቻለሁ ብሎ ጽሑፍ አሳተመ፤ ሕጉ ግን ትክክል አልነበረም። የተጠቀመበት የቮልታ ባትሪ ኀይሉ እየተለዋወጠ ያስቸግረው ነበርና ቍጥሮቹ አሳሳቱት።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ያሳተመውን ለማስከበር ይከራከር ይሆናል። ኦም ግን ሥራውን እንደ ገና ጀመረ። ፖገንዶርፍ የተባለው ሊቅ እንደ መከረውም ባትሪውን ትቶ በሙቀት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ የቢስሙትና የመዳብ ጥንድ ወሰደ፤ አንዱን ጫፍ በሚፈላ ውሃ፣ ሁለተኛውን በበረዶ አቈየ። የሚፈላ ውሃና የሚቀልጥ በረዶ ሙቀታቸው ስለማይዋዥቅ ምንጩ የጸና ሆነለት። ስምንት የመዳብ ሽቦዎችን በየተራ እያገናኘ በተንጠለጠለች የማግኔት መርፌ ፍሰቱን ለካ። በ1826 ያገኘው እውነት ይህ ነው፤ ፍሰቱ የሚገኘው የምንጩን ግፊት በውጭ ባለው ተቃውሞና በምንጩ ውስጥ ባለው ተቃውሞ ድምር በማካፈል ነው።

ይህን ሳነብ ጥፋቴ ገባኝ። ምንጩ ራሱ በሒሳቡ ውስጥ አለበት! እኔ ሜትሩን ባሳረፍሁ ጊዜ ሶላሩ ምንም ሥራ አልያዘም ነበር። ይህም በሬን ቀንበር ሳይጭኑበት በገበያ ላይ ቆሞ አይቶ ጉልበቱን እንደ መመስከር ነው።

ኦም መጽሐፉን በ1827 በበርሊን አሳተመ፤ ነገር ግን በአገሩ ጥቂቶች ብቻ ተቀበሉት። ተስፋ ቈርጦ የኮሎኝ ሥራውን ለቀቀና ብዙ ዓመት በችግር ኖረ። በ1833 በኑርምበርግ ሥራ አገኘ። በ1841 የለንደን ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳይ ሸለመው። የሙኒክ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር የሆነው በ1852 ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1854 ዐረፈ። በ1881 በፓሪስ የተሰበሰበው የኤሌክትሪክ ሊቃውንት ጉባኤ የተቃውሞ መለኪያ በስሙ እንዲጠራ ተስማማ።

ለዕረፍት ወደ ቤቴ ስመለስ ሜትሩን ከአስተማሪያችን ተዋስሁ። ደመና በሆነበት ጧት አምፑሉን ከሶላሩ ጋር አገናኝቼ ብለካ ያ 20 ቮልት ወደ 1 ቮልት ገደማ ወረደ፤ ፍሰቱም የአምፔር አንድ ዐሥረኛ ያህል ነበር። ቮልቱ በአምፔሩ ሲባዛ ኀይሉ የዋት አንድ ዐሥረኛ ሆነ፤ አምፑላችን ግን 5 ዋት ይፈልጋል። በየሦስት ሰዓቱ እየለካሁ በደብተር ጻፍሁ፤ ከቀትር በኋላም የባሕር ዛፉ ጥላ ሶላሩን እንደሚያገኘው ደረስሁበት። ደብተሩን ለአባቴ አሳይቼ ስሕተቱ የእኔ እንደ ነበረ ነገርሁት። እርሱም ቍጥሮቹን አንድ በአንድ ካስነበበኝ በኋላ ተነሥቶ መሰላል አመጣ። ሶላሩን ጥላ ወደማይደርስበት ጣራ አዛወርነው፤ በ5 ዋቱ አምፑል ፈንታም 1 ዋት የሚበላ ኤልኢዲ ገዛን። ያው ባትሪ የያዘው ኤሌክትሪክ አምስት እጥፍ ጊዜ ያበራ ጀመር።

እኅቴ አሁን ኩራዟን አስቀምጣ ታጠናለች። አባቴም ከዚያ ወዲህ ገበያ ሲወርድ አንዳንድ ጊዜ ያስከትለኛል፤ ነገር ግን ስመሰክር፣ ሥራ ጭነህበት ለካኸው ወይ ብሎ ሳይጠይቀኝ አይቀርም።