ተደብቆ ወጥቶ ባቡር ይዞ የተመለሰው ኢኖዌ ማሳሩ

የቶኪዮ ዋና ባቡር ጣቢያ በቀይ ጡብ የተሠራ፣ ርዝመቱ 335 ሜትር ያህል የሆነ ሕንፃ ነው። ማሩኖኡቺ በሚባለው በር በኩል ብትወጡ አደባባዩ ላይ ለብቻው የቆመ የአንድ ሰው ሐውልት ታያላችሁ። ሰውየው ኢኖዌ ማሳሩ ይባላል። ጃፓኖች የባቡራችን አባት ይሉታል። ዛሬ የምነግራችሁ የእሱን ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኢኖዌ በ1843 ሃጊ በምትባል ከተማ ከሳሙራይ ቤተሰብ ተወለደ። ለሌላ ቤተሰብ በጉዲፈቻ ተሰጥቶ ስለነበር በወጣትነቱ የሚጠራው ኖሙራ ያኪቺ በሚል ስም ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ጃፓናዊ ያለ ፈቃድ ከአገር ከወጣ ቅጣቱ ሞት ነው። የአካባቢው ገዥዎች ግን የውጭ መርከቦችን ኃይል አይተው ስለነበር፣ አምስት ወጣቶች ተምረው እንዲመጡ በምስጢር ላኩ። በ1863 አምስቱ ፀጉራቸውን ተቆርጠው፣ የፈረንጅ ልብስ ለብሰው፣ በሌሊት ዮኮሃማ ላይ መርከብ ተሳፈሩ። ኢኖዌ ያኔ ገና 20 ዓመት አልሞላውም።

መንገዳቸው ከእናንተ መንገድ ይለያል። ገንዘቡን የሸፈኑላቸው የላኳቸው ሰዎች ናቸው፤ የሄዱትም ለቤት ሥራ ሳይሆን ለትምህርት ነው። ቢሆንም ሻንጋይ ላይ በሁለት መርከብ ሲከፈሉ፣ ሁለቱ በቋንቋ አለመግባባት እንደ ተሳፋሪ ሳይሆን እንደ መርከበኛ ተቆጥረው እስከ ለንደን ድረስ ሲሠሩ ሄዱ። ቋንቋ ሳያውቅ ሰው አገር የገባ ሁሉ ይህ ነገር ይገባዋል።

ለንደን ሲደርሱ ዊሊያምሰን የሚባል የኬሚስትሪ መምህር ተቀበላቸው፤ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም መማር ጀመሩ። ዓመት ሳይሞላ ግን ክፉ ወሬ መጣ። አካባቢያቸው ከውጭ መርከቦች ጋር ጦርነት ገጥሟል። ሁለቱ፣ ኢቶና ሌላው ኢኖዌ፣ ጦርነቱን ለማስቆም ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ አልቻሉም። ኢኖዌ ማሳሩና የቀሩት ሁለቱ ለንደን ቆዩ። አገር ቤት ጦርነት እያለ በሰው አገር ሥራ ላይ መቆየት ምን ያህል እንደሚከብድ ለእናንተ አልነግራችሁም። በ1866 አንዱ ታሞ ሄደ። ያማኦ የሚባለው ደግሞ ወደ ግላስጎው ተሻግሮ ቀን መርከብ በሚሠራበት ቦታ እየሠራ ማታ ማታ ይማር ነበር።

ኢኖዌ የማዕድንና የባቡር ሐዲድ ሥራ ተምሮ በ1868 ከያማኦ ጋር ሲመለስ፣ ከአገር መውጣትን የከለከለው መንግሥት ራሱ ወድቆ ነበር። ወዲያው የትውልድ ቤተሰቡን ስም መልሶ ያዘ። አዲሱ መንግሥት ስለ ባቡር ከእንግሊዝ መልእክተኛ ጋር ሲነጋገር አስተርጓሚ ሆኖ የተቀመጠው እሱ ነው። በ1871 የባቡር መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሆነ።

የመጀመሪያው መስመር ከሺምባሺ እስከ ዮኮሃማ 29 ኪሎ ሜትር ነበር። ወታደሮቹ መሬታቸውን አንሰጥም በማለታቸው የሐዲዱ አንድ ክፍል ባሕር ውስጥ በተሠራ የድንጋይ ግድብ ላይ ተዘረጋ። የዚያ ግድብ ቅሪት በ2019 ቶኪዮ ውስጥ ተቆፍሮ ተገኝቷል። መስመሩ በ1872 ሲመረቅ፣ በእግር ቀኑን ሙሉ ይፈጅ የነበረው መንገድ 53 ደቂቃ ያህል ብቻ ሆነ።

ይሁን እንጂ ሥራውን የሚመሩት የውጭ መሐንዲሶች ነበሩ፤ ዋናው መሐንዲስ እንግሊዛዊው ሞሬልም ምረቃውን ሳያይ በ1871 በሳንባ ነቀርሳ ሞቷል። ኢኖዌ ዕውቀቱ በጃፓኖች እጅ መግባት አለበት ብሎ በ1877 ኦሳካ ጣቢያ ላይ የባቡር ሠራተኞች ማሠልጠኛ ከፈተ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በኪዮቶና በኦትሱ መካከል፣ ከ660 ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ጃፓኖች ራሳቸው ተራራ ፈልፍለው ጨረሱ። በ1889 ደግሞ ሐዲዱ ከቶኪዮ እስከ ኮቤ ተገናኘ።

ባቡር የመንግሥት መሆን አለበት በሚለው አቋሙ ከብዙዎች ጋር ተጋጭቶ በ1893 ከሥልጣኑ ለቀቀ። በ1906 ግን መንግሥት 17 የግል ባቡር ኩባንያዎችን የሚጠቀልል ሕግ አወጣ። ኢኖዌ ሐዲዱ የበላው የእርሻ መሬት ይቆጨው ስለነበር፣ ከሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ በሰሜን ጃፓን ሰፊ እርሻ መሥርቷል። እርሻው ዛሬም በሦስቱ ስም መነሻ ኮኢዋይ ተብሎ ይጠራል።

በ1910 የአውሮፓን ባቡሮች ሊጎበኝ ወጥቶ፣ በወጣትነቱ በተማረባት በለንደን ታሞ በ66 ዓመቱ አረፈ። መቃብሩ ግን ቶኪዮ ውስጥ፣ ባቡር በሚያልፍበት ሐዲድ አጠገብ ነው።

የቶኪዮ ጣቢያ በ1914 ሲከፈት እሱ አልነበረም። ንድፉን ያወጣው ታትሱኖ ኪንጎ የተማረው፣ ያ በግላስጎው ቀን እየሠራ ማታ ይማር የነበረው ያማኦ እንዲቋቋም በደከመለት የምሕንድስና ኮሌጅ ነው። ሐውልቱም በዚያው ዓመት ቆመ። በጦርነቱ ጊዜ ለብረቱ ሲባል ተነቅሎ ቀለጠ፤ ጣቢያውም በ1945 በአየር ድብደባ ጣሪያውና ሦስተኛ ፎቁ ተቃጠለ። ሐውልቱ በ1959 እንደገና ተሠራ፤ ሕንፃው የቀድሞ መልኩን እስኪያገኝ ግን እስከ 2012 ቆየ።

ከአምስቱ ኢቶ የጃፓን የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። ጣቢያው ፊት ለፊት የቆመው ግን ሐዲድ መዘርጋት ተምሮ፣ የተማረውን ለሌሎች ያስተማረው ኢኖዌ ነው። እናንተም እዚህ ሆናችሁ የያዛችሁት ቋንቋ ወይም ሙያ ካለ፣ አገር ስትገቡ ከሻንጣው ጋር የሚቆጠር ንብረት ነው።