የባቄላን ሥር የመረመሩት ማርቲኑስ ቤየሪንክ

በሆሳዕና ዙሪያ ባቄላ የሚዘራ አርሶ አደር ተክሉን ሲነቅል በሥሩ ላይ ትናንሽ እብጠቶች ያያል። እብጠቶቹ በሽታ አይደሉም። ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ባቄላውን የሚመግብ ባክቴሪያ መኖሪያ ናቸው። ይህን ባክቴሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለይተው ያወጡት ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤየሪንክ ናቸው።

ቤየሪንክ እ.ኤ.አ. በ1851 በአምስተርዳም ተወለዱ። በዴልፍት ከተማ በእርሾ ፋብሪካ ተቀጥረው ሲሠሩ፣ በ1888 ባክቴሪያውን ከባቄላ ሥር አውጥተው ለብቻው አራቡት። ዛሬ በዘር ላይ የሚለወሰው ሕያው ማዳበሪያ መነሻው ይህ ሥራ ነው። በ1895 በዚያው ከተማ ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1901 በአፈር ውስጥ ራሱን ችሎ ናይትሮጅን የሚይዝ ሌላ ባክቴሪያ አገኙ። ትዳር ሳይመሠርቱ ኖረው በ1931 ዐረፉ።

ይህ ሁለተኛው ባክቴሪያ ያለ ሞሊብዲነም ናይትሮጅን በሚገባ እንደማይዝ በ1930 ጀርመናዊው ሄርማን ቦርቴልስ አሳዩ። የባቄላው ባክቴሪያም ይህንኑ ንጥረ ነገር ይሻል። በሀዲያና በከምባታ ደጋ እንደሚታየው ባለ አሲዳማ አፈር ግን ሞሊብዲነም ታስሮ ይቀራል። መፍትሔው አፈሩን በኖራ ማከም፣ ወይም ባለሙያ በሚወስነው እጅግ አነስተኛ መጠን ንጥረ ነገሩን በዘር ላይ መለወስ ነው።

ባቄላው ሲያብብ እብጠቱን ሰንጥቆ ማየት ይበጃል። ውስጡ ከቀላ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው፤ ካልቀላ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ማማከር ይገባል።