ሜሪ ማሆኒ፤ ከልብስ አጣቢነት እስከ ነርስነት

በሐኪም ቤት ውስጥ አልጋ የሚያነጥፍ፥ ወለል የሚወለውልና የሕመምተኛ ልብስ የሚያጥብ ሰው ስሙ በታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ አንሰማም። ነገር ግን ከዚህ ሥራ ተነሥታ፥ በአሜሪካ ከጥቁር ሕዝብ ወገን የነርስነትን ትምህርት በሥርዓቱ ፈጽማ ምስክር ወረቀት በመቀበል የመጀመሪያዪቱ የሆነች ሴት አለች። ስምዋ ሜሪ ኢላይዛ ማሆኒ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሜሪ በ1845 ዓ.ም. በቦስተን ተወለደች። ወላጆችዋ ከባርነት ነጻ ወጥተው ከኖርዝ ካሮላይና የመጡ ነበሩ። ከልጅነትዋ ጀምሮ ነርስ ለመሆን ትመኝ ነበር፤ ዳሩ ግን በዚያን ጊዜ እንደ ዛሬው ያለ የነርስ ተማሪ ቤት በአገሩ አልነበረም። ከተከፈተም በኋላ ጥቁር ሴት የሚቀበለው እጅግ ጥቂት ነበር።

ዕድሜዋ ዐሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆን፥ ማለት እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ባለንበት ዕድሜ፥ በ1862 ዓ.ም. በተቋቋመው በኒው ኢንግላንድ የሴቶችና የሕፃናት ሆስፒታል ሥራ ያዘች። የገባችው ግን በተማሪነት አይደለም። ምግብ አበሰለች፥ ልብስ አጠበች፥ ወለል ወለወለች፤ ነርሶቹንም ትረዳ ነበር። በዚህ ዓይነት 15 ዓመት ያህል ቆየች። ይህን ያህል መጠበቅዋ ለእርስዋ ምስጋና ነው፤ ላስጠበቃት ዘመን ግን ምስጋና አይሆንም።

በ1878 ዓ.ም. በ33 ዓመትዋ በዚያው ሆስፒታል የነርስ ተማሪ ቤት ተቀበላት። ትምህርቱ 16 ወር የሚፈጅ ሲሆን፥ ተማሪዎቹ ሠራተኞችም ነበሩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በሕመምተኞች ክፍል ይሠራሉ፤ በመካከሉ የሐኪሞችን ትምህርት ያዳምጣሉ። በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ በየሰው ቤት እየሄዱ ያስታምማሉ። አብረዋት ከጀመሩት 40 ያህል ሴቶች መካከል በ1879 ዓ.ም. የፈጸሙት ከአራት አይበልጡም። ሌሎቹን ያደከመው ሥራ ለሜሪ አዲስ አልነበረም። ልብስ ስታጥብና ወለል ስትወለውል ያሳለፈችው ዘመን ሳይታወቅ ተማሪ ቤት ሆኖላት ነበር።

ከተመረቀች በኋላ በቀለምዋ ምክንያት በሆስፒታሎች የሥራ በር ስለ ጠበበባት በየሰው ቤት ማስታመም ያዘች። ብዙ ቤተ ሰቦች ነርስንና የቤት ሠራተኛን አይለዩም ነበር። ስለዚህ ከቤት ሠራተኞች ጋራ ሳይሆን ለብቻዋ ትመገብ እንደ ነበረ ይነገራል። ይህ ትዕቢት አይመስለኝም፤ ራስዋ ወጥ ቤት የሠራች ሴት ወጥ ቤትን አትንቅም። የፈለገችው ሙያው በስሙ እንዲታወቅ ነው።

በ1908 ዓ.ም. የጥቁር ነርሶች ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዷ ሆነች። በ1920 ዓ.ም. ሴቶች የመምረጥ መብት ሲያገኙ በቦስተን አስቀድመው ከተመዘገቡት ውስጥ ነበረች። በ1926 ዓ.ም. ዐረፈች፤ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ በስምዋ ሽልማት ይሰጣል።

ዛሬም ቀን እየተማሩ ሌሊት በሽተኛ የሚያጥቡና የሚያገላብጡ የነርስ ተማሪዎች በየአገሩ አሉ፤ ከአገራችን ወደ አሜሪካ ከሄዱት መካከልም በዚህ ሥራ ራሳቸውን ያስተማሩ ጥቂት አይደሉም። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ በሚመጣው ዓመት ከዚህ ተማሪ ቤት ስንወጣ ሁላችንም የምንመኘውን ወንበር ወዲያው አናገኝ ይሆናል። እንግዲያውስ መጥረጊያ ቢሰጡን እንያዘው፤ መጽሐፋችንን ግን አንጣል።