ሮበርት ሶቡክዌ፦ ከመምህርነት ወንበር እስከ ግዞት

በዚህ እትማችን የምናስታውሳቸው ሮበርት ማንጋሊሶ ሶቡክዌ ዲሴምበር 5 ቀን 1924 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ፣ ግራፍ ራይኔት በምትባል ከተማ ከድኃ ቤተ ሰብ ተወለዱ። በሜቶዲስት ሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ወደ ፎርት ሄር ኮሌጅ ገቡ፤ በ1949ም የተማሪዎች ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ጥቂት ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካስተማሩ በኋላ፣ በ1954 በጆሃንስበርግ በሚገኘው የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ቋንቋዎች መምህር ሆኑ።

በዚያ ዘመን አንድ ጥቁር ሰው በነጮች ዩኒቨርሲቲ ማስተማሩ ብርቅ ዕድል ነበር። ነገር ግን የአፓርታይድ ሕግ ጥቁሮች በገዛ አገራቸው ያለ ይለፍ ደብተር እንዳይንቀሳቀሱ ያስገድድ ነበር፤ ደብተሩን ያልያዘ ይታሠራል። ሶቡክዌ የግል ክብራቸውን ይዘው የወገናቸውን ውርደት በዝምታ ማየትን አልፈቀዱም። በኤፕሪል 1959 የፓን አፍሪካኒስት ኮንግረስ ሲመሠረት በመሪነት ተመረጡ፤ በ1960ም የዩኒቨርሲቲውን ሥራ በፈቃዳቸው ተዉ።

ማርች 21 ቀን 1960 ደብተራቸውን ሳይዙ በእግራቸው ወደ ኦርላንዶ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ለእስራት ራሳቸውን አቀረቡ። ተከታዮቻቸው ኃይል እንዳይጠቀሙ አስቀድመው አዝዘው ነበር። በዚያው ዕለት ግን በሻርፕቪል ፖሊሶች በሕዝቡ ላይ ተኩስ ከፈቱ፤ በይፋ የተመዘገቡት ሟቾች ብቻ 69 ነበሩ።

ሶቡክዌ የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ፍርዳቸውን ፈጽመው ሊፈቱ ሲሉ ግን መንግሥት በ1963 አዲስ ሕግ አወጣ፤ የፍትሕ ሚኒስትሩ ያለ ፍርድ እስራቱን በየዓመቱ ሊያራዝም ይችላል የሚል ነበር። ይህ አንቀጽ በእርሳቸው ላይ ብቻ ስለ ተፈጸመ በስማቸው ተጠራ። በሮበን ደሴት ከሌሎች እስረኞች ተለይተው በአንዲት ቤት ስድስት ዓመት ኖሩ። ቋንቋ ሲያስተምሩ የነበሩት ሰው ከእስረኞች ጋር አንድ ቃል እንዳይለዋወጡ ተከለከሉ። በዚያ ብቸኝነት እንኳ መጻሕፍቶቻቸውን አልተዉም፤ ከለንደን ዩኒቨርሲቲ በተልእኮ የኢኮኖሚክስ ዲግሪ አገኙ።

በ1969 ከደሴቱ ቢወጡም ወደ ኪምበርሊ ተጋዙ። በዚያም ሕግ አጥንተው የጥብቅና ቢሮ ከፈቱ። ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1978 በሳንባ ካንሰር በ53 ዓመታቸው ዐረፉ፤ በትውልድ ከተማቸውም ተቀበሩ። በ1994 አገራቸው ዘር ሳይለይ ስትመርጥ ለማየት አልታደሉም።

እኛም ይህን ሕይወት ስንመለከት፣ ዕውቀት ለባለቤቱ እንጀራ ብቻ ሳይሆን ለወገኑ የሚከፈል ዕዳ መሆኑን እናስተውላለን።