ገብረክርስቶስ ደስታ፡ ሥዕሎቹ የተመለሱለት ስደተኛ

በአገራችን የዘመናዊ ሥዕል ታሪክ ከእስክንድር ቦጎሲያን ጋር ስማቸው ቀድሞ ከሚጠሩት አንዱ ገብረክርስቶስ ደስታ ነው። ሠዓሊውና ገጣሚው ገብረክርስቶስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ውስጥ ነው። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰውና የብራና መጻሕፍት ሠዓሊ ስለነበሩ ከቀለም ጋር የተዋወቀው በልጅነቱ ነው።

አዲስ አበባ መጥቶ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጀመረውን የሳይንስ ትምህርት አቋርጦ ፊቱን ወደ ሥዕል አዞረ። በ1957 ወደ ጀርመን አቅንቶ በኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተማረ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተመለሰው ብዙው ተመልካች ገና ያለመደውን ረቂቅ ወይም አብስትራክት የሚባለውን አሣሣል ይዞ ነበር።

አቀባበሉ አልጋ በአልጋ አልሆነለትም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕልና የመልክ ሥዕል ለለመደ ዓይን ሥራዎቹ እንግዳ ነበሩ፤ የአገር ወዝ የላቸውም ያሉም አልጠፉም። ይሁንና በ1963 የሠራው፣ ቀይ ቀለም የጎላበት “ጎልጎታ” የሚያነሳው የአባቱ ሙያ ዘመናት የኖረበትን የስቅለት ታሪክ ነው። አዲሱ ነገር አነጋገሩ እንጂ ጉዳዩ አልነበረም።

ከ1962 ጀምሮ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። በግጥሙም ቢሆን የተለመደውን የስንኝ አደራደር ለመጣስ አላመነታም። የአገር ናፍቆትን የገለጸበት “ሀገሬ” የተሰኘው ግጥሙ ዛሬም ብዙዎች በቃላቸው ይወጡታል።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሥነ ጥበብ የአብዮቱ አገልጋይ እንዲሆን ተፈለገ። ገብረክርስቶስ በ1970ዎቹ መገባደጃ በኬንያ በኩል ወጥቶ ወደ ጀርመን፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በ1981 ኦክላሆማ፣ ላውተን ከተማ ውስጥ አረፈ። ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

“መንገድ ስጡኝ ሰፊ” የተሰኘው የግጥም መድበሉ ለኅትመት የበቃው በ2006፣ ከሞተ ከ25 ዓመት በኋላ ነው። በ2008 ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል ተከፈተ፤ ጀርመን ተጠብቀው የቆዩ ሥዕሎቹም አገራቸው ገቡ።

ሐረር ነጋዴ ሆኖ ለመጣው ፈረንሳዊ ባለቅኔ ለአርተር ራምቦ ጀጎል ውስጥ መታሰቢያ ቤት አላት። ከራሷ ወጥቶ በሰው አገር ለሞተው ባለቅኔና ሠዓሊ ልጇም ይህንኑ ብታደርግ ያምርባታል።