አክሊሉ ለማ እና እንዶድ፦ ከአድዋ ወንዝ እስከ ቤተ ሙከራ

በሰበታም ሆነ በሱሉልታ በየአጥሩ ላይ የሚንጠላጠለው፣ በኦሮምኛ ሃንዶዴ በትግርኛም ሽብቲ የሚባለው እንዶድ፣ ከጥንት ጀምሮ የነጠላና የጋቢ ማጠቢያ ሆኖ ኖሯል። ይህን የጓሮ ተክል የሳይንስ ጥናት ርዕሰ ጉዳይ ያደረጉት ዶክተር አክሊሉ ለማ (1935–1997 እ.ኤ.አ.) ናቸው።

አክሊሉ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ አካባቢ የቢልሃርዚያን ስርጭት ያጠኑ ነበር። የበሽታው ተውሳክ ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት በወንዝ ቀንድ አውጣ ውስጥ መራባት ስላለበት፣ አጥኚው ዓይኑን ቀንድ አውጣው ላይ ማሳረፉ ግድ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተከማችተው አዩ። ሕያዋኑን በእንዶድ አረፋ ውስጥ ከትተው ሲፈትሹም ሞቱ።

በ1966 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ገዳዩ ንጥረ ነገር የሳፖኒን ወገን ሲሆን፣ በአሜሪካ የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ኬሚስቶች ነጥለው ካወጡት በኋላ በስማቸው ለማቶክሲን ተብሏል። እዚህ ላይ በዕፅዋት ጭማቂ ለሚመራመር ሰው ሊታለፍ የማይገባ ነገር አለ። ኋላ የተደረጉ የኬሚስትሪ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ፍሬው በውሃ ሲወቀጥ የራሱ ኢንዛይሞች ሳፖኒኑን ቀንድ አውጣ ወደሚገድለው ቅርጽ ይለውጡታል፤ በሜታኖል ሲወጣ ግን ኢንዛይሞቹ ሥራቸውን ስለማይሠሩ የሚገኘው በአብዛኛው የመግደል ኃይል የሌለው ቅርጽ ነው። የአድዋ ሴቶች አወቃቀጥ ትክክለኛው ዘዴ ነበር ማለት ነው። ዛሬ የአንድን ተክል አንቲኦክሲዳንትነት በሜታኖል ጭማቂ ብቻ ለክተን ባህላዊውን አዘገጃጀት ሳንፈትሽ የምናልፍ ተማሪዎች ጥቂት አይደለንም።

ከቤተ ሙከራው ይልቅ ከባዱ የመስኩ ሥራ ነበር። በአድዋ ለአምስት ዓመታት ያህል ወንዞቹ በአካባቢው በተለቀመ እንዶድ ታከሙ፤ በትንንሽ ሕፃናት ዘንድ የነበረው የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። መለኪያው ሕፃናት የሆኑበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አዋቂው የቆየ ተውሳክ ለዓመታት ተሸክሞ ሊኖር ስለሚችል አዲስ መያዝ መቀነሱን በቅጡ የሚያሳዩት እነርሱ ናቸው። ሌላው የተቋሙ ተመራማሪ ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ በበኩላቸው ምርታማና ብርቱ የሆኑ የእንዶድ ዓይነቶችን እየመረጡ አባዙ፤ ከእነዚህም ዓይነት 44 የተባለው ይታወቃል።

ይህም ሁሉ ሆኖ እንዶድ ዓለም አቀፍ ተቀባይነት ለማግኘት ረጅም ጊዜ ፈጀበት። የዓለም ጤና ድርጅት ዕውቅና ባላቸው ቤተ ሙከራዎች የተደረገ የመርዛማነት ምርመራ ጠየቀ። አክሊሉ ይህን ከአፍሪካ ለሚወጣ ምርምር ከሚታየው ጥርጣሬ ጋር አያይዘው ተችተዋል። በእኔ ግምት ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነበር፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና። ችግሩ ማንም በአጥሩ የሚያበቅለውን ተክል ለማስመርመር ገንዘብ የሚያወጣ ኩባንያ አለመኖሩ ነው። ባዩሉሳይድ የተባለው ውድ ኬሚካል ባየርን የመሰለ ባለቤት ነበረው። ለእንዶድ ምርመራ በመጨረሻ የካናዳ ድጋፍ ተገኘ።

አክሊሉ በኋለኛው ዘመናቸው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ አገለገሉ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከለገሰ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ እንዶድ የታላላቅ ሐይቆችን የውሃ ቱቦዎች የሚደፍነውን የዜብራ ሙሰል እንደሚገድል አረጋገጡ፤ ዩኒቨርሲቲውም የፈጠራ መብት አስመዘገበ። የአክሊሉ ስም ከፈጣሪዎቹ መካከል ይገኛል፤ እንዶድን ለዘመናት ሲወቅጡ የኖሩት ሴቶች ግን በመዝገቡ ስፍራ አላገኙም። ይህ ጉዳይ እስከ ዛሬ የሥነ ሕይወት ሀብት ዘረፋ ክርክር ሲነሣ ይጠቀሳል።

አክሊሉ ሚያዝያ 1997 እ.ኤ.አ. ዐረፉ። የመሠረቱት ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ተቋም ተብሎ በስማቸው ተሰየመ፤ የቢልሃርዚያ ቁጥጥር ግን ዛሬ በአመዛኙ የሚካሄደው ፕራዚኳንቴል በተባለው እንክብል ነው።